ጡንቻ ነርቩን ሲያጣ፤ የአንድ ጥያቄና የመሣሪያዎቹ ታሪክ

አንድ የኤሌክትሪክ ሞተር ኃይል የሚያደርስለት ሽቦ ቢቆረጥበት ይቆማል እንጂ አይለወጥም። ከአቧራና ከእርጥበት ተጠብቆ ከተቀመጠ፣ ሽቦው ከዓመታት በኋላ ቢቀጠልለት እንደ ቀድሞው ይዞራል። የመዳብ ጥቅሉ አይመነምንም፤ ዘንጉም አይቀጥንም። የሰው ጡንቻ ግን እንዲህ አይደለም። ነርቩ በተቆረጠ በቀናት ውስጥ የሽፋኑ ጠባይ፣ በሳምንታት ውስጥ ክብደቱ፣ በወራትና በዓመታት ውስጥ ደግሞ መላ አካሉ ይለወጣል። በመጨረሻም ጡንቻነቱ ቀርቶ ስብና ጠባሳ ይሆናል። ከዚህም የተነሣ ነርቭ ለጡንቻ ትእዛዝ የሚያደርስ ሽቦ ነው ብሎ ማለፍ አይበቃም። ጡንቻውን ጡንቻ አድርጎ የሚያቆየው አንዳች ነገር በዚያው መንገድ ይደርሰዋል ማለት ነው።

ይህ አንዳች ነገር ምን እንደ ሆነ ለማወቅ የተደረገው ምርምር ከሁለት ምእት ዓመት በላይ ፈጅቷል። የሥራው ባለቤቶች ሐኪሞችና የፊዚዮሎጂ ሊቃውንት ናቸው። ሆኖም ታሪኩን በጥሞና ለተከታተለ ሰው፣ የመልሱ መምጫና መዘግየት ከመሣሪያው ጋር የተያያዘ መሆኑን መረዳት አያዳግትም። ትክክለኛው መልስ ፍንጩ ከታየ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ሲያከራክር የኖረው፣ የኤሌክትሪኩ መጠንና ርዝመት በሚገባ ሳይለካ ስለተሠራበት ነው። ይህን ታሪክ በማኅበራችን መጽሔት ላይ ለባልደረቦቼ ለማቅረብ የተነሣሁትም በዚሁ ምክንያት ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲገነዘብልኝ አሳስባለሁ።

የመጀመሪያው ክርክር

በ18ኛው ምእት ዓመት አጋማሽ በጀርመን አገር በጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ስዊዘርላንዳዊው አልብሬክት ፎን ሃለር፣ በ1752 ባቀረበው ንግግር የሰውነትን ክፍሎች በሁለት ጠባይ ለያቸው። አንደኛው ስሜትን የማስተላለፍ ችሎታ ሲሆን፣ ይህም የነርቭ ነው። ሁለተኛው ሲነኩት የመኮማተር ችሎታ ሲሆን፣ ይህ ደግሞ የጡንቻ ነው። እንደ ሃለር አባባል ጡንቻ የመኮማተርን ኃይል ከነርቭ አይበደርም፤ ኃይሉ የራሱ ነው። የስኮትላንዱ ሮበርት ዊት ግን ይህን አልተቀበለም። ለእርሱ የእንቅስቃሴ ሁሉ ምንጭ በነርቭ በኩል የሚሠራ ኃይል ነበር።

ሉዊጂ ጋልቫኒ በቦሎኛ የእንቁራሪት እግር በኤሌክትሪክ እንደሚፈራገጥ በ1791 ባሳተመው ጊዜ፣ እንዲሁም አሌሳንድሮ ቮልታ በ1800 የመጀመሪያውን ባትሪ ለዓለም ባስተዋወቀ ጊዜ፣ ክርክሩ አዲስ መሣሪያ አገኘ። ከዚያ በፊት ጡንቻን ለመቀስቀስ በአብዛኛው መርፌ፣ አሲድ ወይም የጋለ ብረት ያገለግል ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ጡንቻውን ሳያቆስሉ ደጋግሞ መቀስቀስ ተቻለ።

የዚህን ጽሑፍ ዋና ጥያቄ በግልጽ የፈተነው ስኮትላንዳዊው ሐኪም ጆን ሪድ ነው። ሪድ በ1841 ባሳተመው ሥራው እንደገለጸው፣ የእንቁራሪቶችን የኋላ እግሮች ነርቮች በሁለቱም በኩል ቆረጠ። ከዚያም የአንደኛውን እግር ጡንቻዎች በደካማ ባትሪ በየቀኑ እያንቀሳቀሰ፣ ሌላውን እግር ያለ ሥራ ተወው። ከሁለት ወር በኋላ ያለ ሥራ የቀረው እግር ጡንቻ ወደ ግማሽ ያህል ሲቀንስ፣ በየቀኑ ሲሠራ የቆየው ግን መጠኑንና ጥንካሬውን ይዞ ተገኘ። ሁለቱም እግሮች ነርቭ አልነበራቸውም፤ ልዩነታቸው ሥራ ብቻ ነበር።

አንባቢ ይህን ሙከራ በልቡ እንዲያኖረው እለምናለሁ። መልሱ ከሞላ ጎደል በዚህ ውስጥ ነበርና።

ከሪድ ጥቂት ዓመታት በኋላ ፈረንሳዊው ክሎድ ቤርናር የሃለርንና የዊትን ክርክር በሌላ መንገድ ቋጨው። የደቡብ አሜሪካ አዳኞች ቀስታቸውን የሚቀቡበት ኩራሬ የተባለው መርዝ የገባበት እንስሳ፣ ነርቩ በኤሌክትሪክ ቢነካ ጡንቻው አይንቀሳቀስም። ኤሌክትሪኩ በቀጥታ ጡንቻውን ሲነካ ግን ጡንቻው ይኮማተራል። ስለዚህ ጡንቻ የራሱ ኃይል አለው፤ መርዙ የዘጋው በነርቭና በጡንቻ መካከል ያለውን መገናኛ ነው። ሃለር ትክክል ነበር። ሆኖም የራሱ ኃይል ያለው ጡንቻ ነርቩን ሲያጣ ስለ ምን ይመነምናል? ይህን ቤርናር አልመለሰም።

ሁለት ዓይነት ኤሌክትሪክ

ማይክል ፋራዴይ በ1831 የኢንዳክሽንን ሕግ ካገኘ በኋላ፣ የኢንዳክሽን ጥቅል የሐኪሞች ዕቃ ለመሆን ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም። በዚህ ዘርፍ ስሙ የሚጠራው ፈረንሳዊው ዱሸን ነው። በ1855 ባሳተመው መጽሐፉ፣ በውኃ የራሰ ኤሌክትሮድ በቆዳ ላይ እያሳረፈ እያንዳንዱን ጡንቻ ለብቻው ማንቀሳቀስ እንደሚቻል አሳየ። ጡንቻው ለጥቅሉ ኤሌክትሪክ ከመለሰ ደኅና ነው፤ ካልመለሰ ነርቩ ተጎድቷል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ በ1859 ባየርላኸር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም አንድ እንግዳ ነገር አስተዋለ። ፊቱ በአንድ ወገን ሽባ የሆነ በሽተኛ ጡንቻ ለኢንዳክሽኑ ጥቅል ፈጽሞ ዝም ሲል፣ ከባትሪ በቀጥታ ለሚመጣው ኤሌክትሪክ ግን ይኮማተር ነበር። እንዴት አንድ ጡንቻ ለአንዱ ኤሌክትሪክ ሙት፣ ለሌላው ሕያው ሊሆን ይችላል? በዚያን ጊዜ ሁለቱ ኤሌክትሪኮች በባሕርያቸው የተለያዩ ናቸው ብለው የገመቱ ነበሩ።

የኮኒግስበርጉ ኤርንስት ኖይማን በ1864 ነገሩን በቀላል መንገድ ፈታው። ልዩነቱ በኤሌክትሪኩ ዓይነት ሳይሆን በቆይታው ላይ ነው። የኢንዳክሽን ጥቅል የሚሰጠው ምት ከአንድ ሚሊ ሴኮንድ የማይበልጥ ሲሆን፣ ባትሪው ግን ማብሪያው እስኪዘጋ ድረስ ይቆያል። የባትሪውን ኤሌክትሪክ እጅግ አሳጥሮ ለሰጡት ጊዜ ነርቭ ያጣው ጡንቻ ለእርሱም ዝም ይላል። ጡንቻው አልሞተም፤ ዘገምተኛ ሆኗል እንጂ።

የሃይደልበርጉ ቪልሄልም ኤርብ በ1868 እነዚህን ምልክቶች አሰባስቦ ለምርመራ የሚያገለግል ሥርዓት አበጀላቸው። ነርቡ የጠፋ ጡንቻ ለአጭሩ ምት አይመልስም። ለረጅሙ ይመልሳል፤ አኮማተሩ ግን እንደ ጤነኛው ፈጣን ሳይሆን እንደ ትል መሳብ የቀሰስተኛ ነው። ይህ የኤርብ ምርመራ በሐኪሞች ዘንድ ከግማሽ ምእት ዓመት በላይ አገልግሏል። ከዚያም ፈረንሳዊው ሉዊ ላፒክ በ1909 ነገሩን በቁጥር የሚገለጽ አደረገው። በጣም ረጅም ምት ተሰጥቶ ጡንቻውን ለመቀስቀስ የሚበቃውን ዝቅተኛ ኤሌክትሪክ ይለኩና፣ ከዚያ እጥፍ የሆነው ኤሌክትሪክ ጡንቻውን ለመቀስቀስ ምን ያህል ጊዜ እንደሚያስፈልገው ይመዘግባሉ። ላፒክ ይህን ጊዜ ክሮናክሲ ብሎ ሰየመው። ነርቩ ደኅና የሆነ ጡንቻ ክሮናክሲ ከአንድ ሚሊ ሴኮንድ በታች ነው። ነርቩን ያጣው ግን በአሥር በሚቆጠሩ ሚሊ ሴኮንዶች ይደርሳል።

ለእኛ ሙያ ሰዎች ይህ ልዩነት እንግዳ አይደለም። ለአጭር ምልክት የተሠራን መሣሪያ ለዘገምተኛ ጭነት ብናገናኘው ጭነቱ ሳይንቀሳቀስ ምልክቱ ያልፋል። በ1868 የታወቀው ይህ ነገር በሕክምናው ላይ በሙሉ ሥራ ላይ እስኪውል ድረስ ግን እጅግ ብዙ ዓመታት አልፈዋል።

በዝምታ ውስጥ ያለ መንቀጥቀጥ

ነርቡ ራሱ ሲቆረጥ ምን ይሆናል? እንግሊዛዊው አውጉስተስ ዎለር በ1850 በእንቁራሪት ምላስ ነርቮች ላይ ባደረገው ምርመራ፣ ከቁራጩ ወዲያ ያለው ክፍል ከሕዋሱ አካል በመለየቱ እንደሚፈራርስ በአጉሊ መነጽር አሳየ። ከሕዋሱ ጋር የቀረው ክፍል ግን በሕይወት ይኖራል፤ እንደገናም ሊያድግ ይችላል። በዚሁ ዘመን ሞሪትስ ሺፍ በ1851 ነርቩ የተቆረጠ የእንስሳ ምላስ ጨርሶ እንደማያርፍ፣ ላዩ ላይ ጥቃቅን መንቀጥቀጥ ያለ ማቋረጥ እንደሚታይበት ጻፈ። ፊብሪሌሽን የተባለው ይኸው ነው።

ትእዛዝ የማይደርሰው ጡንቻ በገዛ ራሱ ይንቀጠቀጣል ማለት ለብዙዎች እንቆቅልሽ ነበር። የካምብሪጁ ሊቅ ጆን ላንግሊ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን፣ ጡንቻው የሚመነምነው ምናልባት ይህ ዕረፍት የሌለው መንቀጥቀጥ ስለሚያደክመው ይሆናል የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ ብልህ ነበር፤ በኋላ የተደረጉ ምርምሮች ግን አልደገፉትም። ይሁንና በዚያን ጊዜ ያስከተለው ጥያቄ ቀላል አልነበረም። ጡንቻው ከመጠን በላይ እየሠራ ከሆነ ዕረፍት ይሻለዋል፤ ሥራ አጥቶ ከሆነ ደግሞ ማሠራት ይገባል። ሁለቱ ሐሳቦች በበሽተኛው አልጋ ላይ ተቃራኒ ሕክምና ያዝዛሉ።

መንቀጥቀጡን ከቆዳ በላይ ማየት ባይቻልም፣ የኤሌክትሪክ ምልክቱን በመርፌ መቅዳት ተቻለ። ኤድጋር ኤድሪያንና ዴትሌቭ ብሮንክ በ1929 በመርፌ ቀዳዳ ውስጥ ሽቦ የተሸከመ ኤሌክትሮድ ሠሩ። በ1938 ደግሞ ዴኒ-ብራውንና ፔኒቤከር በዚህ ዓይነት ዘዴ ነርቭ ያጣውን ነጠላ ክር መንቀጥቀጥ ከሌሎች የጡንቻ መርገብገቦች ለዩት። ዛሬ በሆስፒታል የነርቭ ጉዳት የሚመረመርበት የመርፌ ምርመራ የእነዚህ ሥራዎች ልጅ ነው።

የመንቀጥቀጡ ምንጭም ቀስ በቀስ ተገለጠ። ነርቭ ለጡንቻ ትእዛዙን የሚያስተላልፈው አሴቲልኮሊን በተባለ ኬሚካል መሆኑን ሄንሪ ዴልና ባልደረቦቹ በ1936 አረጋገጡ። በጤነኛ ጡንቻ ላይ ይህን ኬሚካል የሚቀበለው ነርቡ የሚያርፍበት እጅግ ጠባብ ቦታ ብቻ ነው። በሶቪየት ኅብረት ጊኔትሲንስኪና ሻማሪና በ1942፣ በስዊድን ደግሞ አክሰልሰንና ቴስለፍ በ1959 እንዳሳዩት፣ ነርቡ ከጠፋ በኋላ ግን የጡንቻው ክር ከዳር እስከ ዳር ተቀባይ ይሆናል። ስዊድናውያኑ ኬሚካሉን በደቃቅ የመስታወት ቱቦ ጫፍ በክሩ ላይ እያንጠባጠቡ ቦታ በቦታ ለክተውታል። ከዚህ ጋር በሽፋኑ ውስጥና ውጭ ያለው የቮልቴጅ ልዩነት ይቀንሳል፤ ሽፋኑም ያለ ቀስቃሽ የሚተኩስ ይሆናል። ነርቡን ያጣ ጡንቻ እንግዲህ ተዘግቶ የተቀመጠ ቤት አይደለም። በሩን ሁሉ ከፍቶ እንግዳ የሚጠባበቅ ቤት ይመስላል።

የጦርነቱ ዓመታት

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ክርክሩን ከቤተ ሙከራ አውጥቶ ወደ ቁስለኛው አመጣው። በጥይትና በፍንጣሪ ነርቫቸው የተበጠሰ ብዙ ወጣቶች በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ይታከሙ ነበር። ሄርበርት ሴደን በ1943 የነርቭን ጉዳት በሦስት ደረጃ ከፈለው። በመጀመሪያው ነርቡ ሳይበጠስ ለጊዜው ማስተላለፍ ያቆማል። በሁለተኛው ውስጣዊው ክር ቢበጠስም የውጭ ሽፋኑ አይበጠስም። በሦስተኛው ነርቡ ፈጽሞ ይቆረጣል። ለመጀመሪያው ትዕግሥት ይበቃል፤ ለመጨረሻው መስፋት ያስፈልጋል።

የተሰፋ ነርቭ በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ያድጋል። ይህን ቁጥር የያዘ ማንም መሐንዲስ ቀሪውን ማስላት ይችላል። በክርን አጠገብ የተቆረጠ ነርቭ 30 ሴንቲ ሜትር ርቀው ወዳሉት የመዳፍ ጡንቻዎች ለመድረስ 300 ቀን ያህል ይፈልጋል። ቁስሉ ወደ ትከሻ በቀረበ ቁጥር ጊዜው ከአንድ ዓመት ተኩል ሊያልፍ ይችላል። እስከዚያ ድረስ ጡንቻው ምን ይሆናል? ነርቡ ደርሶ የሚያርፍበት ጡንቻ ያገኛል ወይ?

ኤርንስት ጉትማንና ጄ. ዜድ. ያንግ በ1944 በጥንቸሎች ላይ ባደረጉት ምርምር፣ ነርቡ በዘገየ መጠን የጡንቻው ማገገም እየደከመ እንደሚሄድ አሳዩ። ኤርንስት ጉትማን ከሉድቪግ ጉትማን ጋር ደግሞ የሪድን ሙከራ በአዲስ ጥንቃቄ ደገመው። ሁለቱም ከናዚዎች ሸሽተው የመጡ ስደተኞች ነበሩ፤ አንዱ ከቼኮዝሎቫኪያ፣ ሌላው ከጀርመን። ነርባቸው የተጎዳ የጥንቸል ጡንቻዎችን በየቀኑ በኤሌክትሪክ ሲያሠሩ፣ መመንመኑ እንደዘገየና እንደቀነሰ ከ1942 ጀምሮ አሳተሙ። ሉድቪግ ጉትማን በ1944 በስቶክ ማንድቪል ሆስፒታል የሕብለ ሰረሰር ጉዳተኞችን ማእከል የመሠረተው፣ በ1948ም ለጉዳተኞች የጀመረው የስፖርት ውድድር አድጎ ፓራሊምፒክ የሆነለት ሰው ነው።

ከእነዚህ ሰዎች በፊትም በኋላም ግን ሕክምናውን የሞከሩት ሁሉ አንድ ዓይነት ውጤት አላገኙም። አንዱ ጠቀመ ሲል ሌላው ለውጥ አላየሁም ይላል። ምክንያቱን ዛሬ ዞር ብሎ ለሚመለከት ሰው ብዙ አያስቸግርም። አንዱ በቀን ጥቂት ደቂቃ፣ ሌላው ሰዓታት ያሠራ ነበር። አንዱ በማግሥቱ ሲጀምር ሌላው ከወራት በኋላ ይጀምራል። አንዱ ረጅም ምት ሲሰጥ ሌላው ለጤነኛ ነርቭ የተሠራውን አጭር ምት ይሰጣል። የኤርብንና የላፒክን ትምህርት ያልተከተለ ሐኪም ጡንቻውን ሳያንቀሳቅስ ቆዳውን ብቻ ሊቀሰቅስ ይችላል። በእነዚህ ሁሉ ላይ ኤሌክትሪክ ተብሎ የተጻፈው ቃል አንድ ቢሆንም፣ የተሰጠው መድኃኒት አንድ አልነበረም።

ምግብ ነው ወይስ ሥራ?

ከጦርነቱ በኋላ ሊቃውንቱ በሁለት ወገን ተሰለፉ። አንዱ ወገን ነርቭ ለጡንቻ እንደ ምግብ የሆነ ኬሚካል ያቀብለዋል፤ ሲቋረጥ ይመነምናል ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ የሚጎድለው ሥራው ነው ይላል። አሜሪካዊቷ ሳራ ታወር በ1937 ያሳተመችው ሥራ ለመጀመሪያው ወገን ድጋፍ መስሎ ነበር። የውሾችን የሕብለ ሰረሰር ክፍል ከላይም ከታችም ከሚመጣለት መልእክት ለይታ፣ ነርቡ ከጡንቻው ሳይለይ ዝም እንዲል አደረገች። ጡንቻው መነመነ፤ ሆኖም ነርቡ እንደተቆረጠበት ጡንቻ አልሆነም። በ1960 ደግሞ ቡለር፣ ጆን ኤክልስና ሮዛመንድ ኤክልስ በአውስትራሊያ የድመትን የፈጣን ጡንቻ ነርቭ ከዘገምተኛው፣ የዘገምተኛውን ከፈጣኑ ጋር አቀያይረው ሰፉ። ፈጣኑ ጡንቻ ዘገየ፤ ዘገምተኛውም ፈጠነ። ይህን የሚያደርገው ከነርቡ የሚመነጭ ንጥረ ነገር ሊሆን እንደሚችል ገመቱ።

መልሱን ያመጣው የሚተከል መሣሪያ ነው። ስታንሊ ሳልመንስ በጥንቸል ሰውነት ውስጥ ተቀብሮ ለሳምንታት ያለ ማቋረጥ ምት የሚሰጥ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ በ1960ዎቹ ሠራ። ከጌርታ ቭርቦቫ ጋር በ1969 እንዳሳተሙት፣ ነርቡ ሳይለወጥ የምቱ አሰጣጥ ብቻ ሲለወጥ፣ ፈጣን ጡንቻ በሴኮንድ አሥር ያህል ምት እየተቀበለ ዘገምተኛ ሆነ። እንግዲህ የጡንቻውን ጠባይ ለመለወጥ ሌላ ነርቭ አላስፈለገም፤ ሌላ የሥራ ሰሌዳ በቃው።

በ1972 ቴርየ ሎሞና ጂን ሮዘንታል የአይጥን ጡንቻ ይዘው ሁለት ነገር አደረጉ። በመጀመሪያ ነርቡን ሳይቆርጡ በማደንዘዣ ለቀናት አዘጉት። ነርቡ በቦታው እያለ ጡንቻው እንደ ተቆረጠበት ሁሉ ለአሴቲልኮሊን ከዳር እስከ ዳር ተቀባይ ሆነ። ቀጥለው ነርቡን ቆርጠው ጡንቻውን በተተከለ ኤሌክትሮድ በቀጥታ አሠሩት። ተቀባይነቱ ነርቡ በሚያርፍበት ቦታ ብቻ ተወስኖ ቀረ፤ ነርቡ ግን የለም። በኋላ የተደረጉ ሥራዎች የምቶቹ ብዛትና አደራደር ምን ያህል ወሳኝ እንደ ሆነ ጨምረው አሳይተዋል። ጆን ሪድ ከ131 ዓመት በፊት በእንቁራሪት እግር ያየውን እነዚህ ሰዎች በሚለካ ምትና በሚለካ ሽፋን አጸኑት።

ይህ ሲባል ግን ሌላው ወገን ፈጽሞ ተሸነፈ ማለት አይደለም። የአሴቲልኮሊን ተቀባዮችን በነርቡ ማረፊያ ላይ የሚያሰባስበው አግሪን የተባለ ፕሮቲን ከነርቡ የሚመነጭ መሆኑን ማክማሃንና ባልደረቦቹ በ1980ዎቹ ገልጸዋል። ነርቭ ሥራም ኬሚካልም ይሰጣል። ሆኖም ከመመንመኑና ከሽፋኑ ለውጥ ትልቁ ድርሻ የሥራ መጥፋት እንደ ሆነ ዛሬ በሰፊው የታመነ ነው። መመንመኑም እንደ ዝገት በቸልታ የሚመጣ አይደለም። በ2001 ሱ ቦዲንና ባልደረቦቿ እንዳሳዩት፣ ሥራ ያጣ ጡንቻ ፕሮቲኖቹን ለይተው ለማፍረስ የሚያዘጋጁ ሁለት ጂኖችን ያስነሣል። እነዚህ ጂኖች የተወገዱባቸው አይጦች ነርቫቸው ቢቆረጥም የጠፋባቸው ጡንቻ ያነሰ ነበር። ጡንቻው ሥራ እንደማይመጣ ሲያውቅ ቤቱን በገዛ እጁ ማፍረስ ይጀምራል ማለት ነው።

የምቱ ርዝመት

ይህ እውቀት ለበሽተኛ ምን ጠቀመ? ከሁሉ የከፋው ጉዳት የሕብለ ሰረሰሩ የታችኛው ጫፍ ወይም ከእርሱ የሚወጡት ነርቮች ፈጽሞ የጠፉበት ሰው ነው። የእግሩ ጡንቻዎች መቼም ነርቭ አይመለስላቸውም። ለብዙ ዘመን የዚህ ዓይነት ጡንቻ በኤሌክትሪክ አይሠራም ይባል ነበር፤ በገበያ ላይ ያሉት መሣሪያዎችም ይህን የሚያረጋግጡ ይመስሉ ነበር።

በኦስትሪያ ቪየና ሐኪሙ ሄልሙት ከርን፣ የመሣሪያው ሊቅ ቪንፍሪድ ማየርና የጣሊያን ፓዶቫው ኡጎ ካራሮ ከባልደረቦቻቸው ጋር ይህን አባባል ፈተኑት። መሣሪያቸው ለነርቭ ሳይሆን ለጡንቻው ክር ራሱ የተሠራ ነበር። በመጀመሪያው ወቅት ከ120 እስከ 150 ሚሊ ሴኮንድ የሚቆይ ምት በትልልቅ ኤሌክትሮዶች በጭን ላይ ይሰጣል። አንባቢ ልዩነቱን በወረቀት ሊያሰላው ይችላል። በኤሌክትሮዶቹ መካከል ያለው የሰውነት መቋቋም 500 ኦም ነው እንበል። ለጤነኛ ነርቭ የሚሰጥ 50 ሚሊ አምፔር ምት ለ0.3 ሚሊ ሴኮንድ ቢቆይ፣ ጉልበቱ 0.4 ሚሊ ጁል እንኳ አይሞላም። ነርቭ ላጣ ጡንቻ 200 ሚሊ አምፔር ለ150 ሚሊ ሴኮንድ ቢሰጥ ግን 3 ጁል ይሆናል፤ ይኸውም 8,000 እጥፍ ነው። ኤሌክትሮዶቹ ትልልቅ የሆኑት፣ ይህን ያህል ጉልበት በጠባብ ቦታ ቢያልፍ ቆዳን ስለሚያቃጥል ነው።

በ2010 የታተመው ውጤታቸው እንዲህ ነበር። 25 ጉዳተኞች በየቤታቸው ሕክምናውን ጀመሩ፤ 20ዎቹ የሁለት ዓመቱን ጊዜ ፈጸሙ። የፊት ጭን ጡንቻቸው የውፍረት ስፋት በአማካይ 35 በመቶ፣ የጡንቻ ክሮቻቸው ውፍረት 75 በመቶ ጨመረ። ከእነርሱም ሩቡ ያህል በመሣሪያው እየታገዙ ለመቆም በቁ። ይህ መራመድ አይደለም፤ ነርቭንም አይተካም። ሆኖም ለዘመናት በተሽከርካሪ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው አጥንቱንና ቆዳውን የሚሸፍን ሥጋ ማግኘቱ ከመቀመጫ ቁስል ለመዳን ትልቅ ነገር ነው። ጉዳቱ ከደረሰ ብዙ ዓመት ባለፈ ቁጥር ግን የሚገኘው ፍሬ ይቀንሳል፤ ጡንቻው አንድ ጊዜ ወደ ስብና ጠባሳ ከተለወጠ የሚመልሰው ምት የለምና።

ይህ ለእኛ ምናችን ነው?

ነርቭ ያጣ ጡንቻ ለሀገራችን ሩቅ ነገር አይደለም። የሥጋ ደዌ በክርን በኩል የሚያልፈውን ነርቭ ሲያጠቃ የመዳፍ ጥቃቅን ጡንቻዎች ይመነምናሉ፤ ጣቶችም ይቆለመማሉ። በሕንድ አገር በቬሎር ፖል ብራንድ በ1940ዎቹ መጨረሻ የጀመረው ቀዶ ሕክምና፣ የሞተውን ጡንቻ ከመጠበቅ ይልቅ ነርቩ ደኅና ከሆነ ጡንቻ ጅማት ወስዶ ለጣቶቹ ያዛውራል። በ1965 በአዲስ አበባ የተቋቋመው አለርት ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ማገገሚያና ለባለሙያዎች ማሠልጠኛ ሆኖ ሲያገለግል የኖረ ተቋም ነው። በፖሊዮ ምክንያት እግራቸው የቀጠነ ወገኖቻችንም ጉዳታቸው ይኸው ነው፤ በሽታው የገደለው በሕብለ ሰረሰር ውስጥ ያለውን የነርቭ ሕዋስ ሲሆን፣ የመነመነው ግን ጡንቻው ነው። ጓያ አብዝተው በመመገባቸው እግራቸው የታሰረባቸው ገበሬዎች ግን ከዚህ ይለያሉ። በእነርሱ ላይ የተጎዳው ከአንጎል የሚወርደው መስመር እንጂ ከሕብለ ሰረሰር ወደ ጡንቻ የሚሄደው ስላልሆነ፣ እግሩ ይገተራል እንጂ እንደ ፖሊዮው ልምሾ አይሆንም። ሁለቱም ሰዎች በምርኩዝ ይሄዳሉ፤ የጡንቻቸው ታሪክ ግን ሌላ ሌላ ነው።

ከዚህም አልፎ፣ በየሥራ ቦታችን መስታወት፣ ቆርቆሮና መጋዝ የሠራተኛን የእጅ አንጓና ክንድ ይቆርጣሉ። ደሙ ቆሞ ቆዳው ከተሰፋ በኋላ ጣቱ የደነዘዘና የማይታዘዝ ሠራተኛ፣ ቁስሉ ስለ ደረቀ ብቻ ድኗል ተብሎ ወደ ሥራው የሚመለስበት ጊዜ አለ። ይህ ጽሑፍ የሚያስተምረን አንድ ተግባራዊ ነገር ቢኖር፣ ከቆዳው በታች የጊዜ ቆጠራ መጀመሩን ነው። ነርቡ ቢሰፋ እንኳ በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ይጓዛል፤ ጡንቻው ደግሞ ያለ ወሰን አይጠብቅም። እያንዳንዱ የባከነ ወር ከመጠበቂያው ጊዜ ላይ ይቀነሳል። ስለዚህ የደነዘዘ ጣት የያዘን ሠራተኛ በሳምንቱ ወደ ሐኪም መላክ የኃላፊው ግዴታ ሊሆን ይገባል።

ለሙያችንም የሚተርፍ ቁም ነገር አለ። ጆን ሪድ በ1841 ትክክለኛውን ነገር አየ፤ ኖይማንም በ1864 ትክክለኛውን ምክንያት ሰጠ። ሁለቱ ግን በአንድ መሣሪያ ላይ ተገናኝተው በሰው ጭን ላይ እስኪሠሩ ድረስ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ። በመካከሉ ሕክምናው አልሠራም የተባለው፣ ብዙ ጊዜ ጡንቻው እምቢ ብሎ ሳይሆን የተሰጠው ምት ለእርሱ ያልተሠራ በመሆኑ ነው። አንድ ነገር አልሠራም ብለን ከመፍረዳችን በፊት ምን ያህል፣ ለምን ያህል ጊዜና በምን ዓይነት መሣሪያ እንደ ሞከርነው መለካትና መጻፍ የእኛ ድርሻ ነው። ሐኪሙ ጡንቻውን ያውቃል፤ ሚሊ ሴኮንዱን ሊነግረው የሚችለው ግን መሐንዲሱ ነው። ሁለቱ በጊዜ ቢነጋገሩ፣ የሚጠብቀው ጡንቻ ሳይፈርስ ይደርሱለታል።